«ኢንቦክስ» የምትባለው መልስ

መስከረም 8 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ ከአንድ ክሊኒክ ተደወለልኝ። የካርድ ክፍሏ ልጅ «ያንተ ሲስተም ሰው እያመጣብን ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ስደርስ ኮሪደሩ ሞልቷል። ከሰንዳፋ የልጅ ልጃቸውን አዝለው የመጡ እናት ስልካቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት» ይላል መልእክቱ። የተላከው ሰኞ ነው። ካርዳቸው ላይ ሐኪሙ በእጁ የጻፈው ግን ረቡዕ፣ መስከረም 9 ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ደግሞ የሚገባው ረቡዕ ብቻ ነው። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ ስለማልችል የጎረቤት ልጅ ነች ያነበበችልኝ። እሷ ተሳስታ ይሆን?» አሉኝ። አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝና።

ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ ዝንፍ ብሎ አያውቅም ነበር። ሐኪሙ ቀጠሮውን በኢትዮጵያ ቀን ያስገባል፣ ሲስተሙ ወደ ፈረንጅ ቀን ይቀይረዋል፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብሎ መልእክት ይላካል። በቃ። አሁን ግን ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ቀድሟል። ለምን? አላውቅም። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ምንም አልታየኝም።

በዚያ ቀን ማታ፣ ማናችሁም የምታደርጉትን አደረግኩ። ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ያለበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገብቼ ጥያቄዬን ጻፍኩ። ስክሪንሾት አያይዤ፣ ኮዱን ለጥፌ፣ «እባካችሁ አስቸኳይ ነው» ብዬ። አንዱ ስቲከር ላከ። አንዱ «እኔም እፈልጋለሁ» አለ። አንዱ «ላይብረሪ ተጠቀም» አለኝ፤ የትኛውን ብዬ ስጠይቀው ጠፋ። አራተኛው ግን የሚያውቅ መሰለኝ። «ሰላም ብሮ፣ ኢንቦክስ» ብሎ ጻፈ።

ኢንቦክስ አደረግኩለት። በሁለተኛው ቀን «ሃይ» አለኝ። በአራተኛው ቀን «ምን ነበር?» አለኝ።

መልሱን ያገኘሁት ከእማዬ ነው። «ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?» አለችኝ እራት ላይ። ነገርኳት፤ ትረዳኛለች ብዬ ሳይሆን የምነግረው ሰው አጥቼ። ጉርሻውን እንደያዘች ትንሽ አሰበችና «ያለፈው ዓመት ሉቃስ አልነበር እንዴ? ጳጉሜ እኮ ስድስት ነበረች» አለችኝ። እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ይውላል እንጂ 11 አይውልም። ጳጉሜ 6 እንደምትሆን አላውቅም ነበር ማለቴ አይደለም፤ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ግን ኮዱን ስጽፍ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 ላይ ቸንክሬው ነበር። ማስተካከያው ሃያ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

እስከዚህ ድረስ እኔ የተበደልኩ ሰው ነኝ። ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ግን ትንሽ ጊዜ ወስዶብኛል።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ በዚያው ግሩፕ፣ ከሀዋሳ አንድ ልጅ ጥያቄ ጻፈ። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ሠርቷል። አባላቱ በመክፈያ ቀናቸው ሲከፍሉ ሲስተሙ «አንድ ቀን አሳልፋችኋል» እያለ ቅጣት ያስከፍላል። ሰዎቹ ተቆጥተዋል። ጥያቄውን እንዳየሁ ምን እንደሆነ አወቅኩ። አንድ መስመር ብጽፍ ይበቃ ነበር። የጻፍኩትን ልንገራችሁ? «ብሮ፣ ኢንቦክስ አድርግልኝ»።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጻፈልኝ። እኔ ያየሁት በአራተኛው ቀን ነው፤ ከማላውቀው ሰው የመጣ መልእክት ብዙ ስለሆነ ሁሉንም አልከፍትም። ስመልስለት «ተወው ብሮ፤ ማኅበሩ ሲስተሙን ትቶ ወደ ደብተር ተመልሷል» አለኝ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የግሩፑን መፈለጊያ ከፍቼ «ጳጉሜ» ብዬ ፈለግሁ። ይህን ጥያቄ የጠየቅነው እኔና የሀዋሳው ልጅ ብቻ አልነበርንም። ሰባት ሰው ቆጠርኩ። አንዱ የጠየቀው መስከረም 2012 ላይ ነው፤ ያኔም ካለፈው ሉቃስ በኋላ፣ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 በዋለበት ዓመት። ከጥያቄው ሥር ምን የሚል ነበር መሰላችሁ? «ኢንቦክስ»። እኔ ችግር ውስጥ ከመግባቴ ከአራት ዓመት በፊት መልሱ ተሰጥቷል፤ ግን የተሰጠው በሁለት ሰዎች መካከል፣ በዝግ ቤት ነው። ሰባት ሰው አንድን ጉድጓድ ሰባት ጊዜ ቆፍሯል።

ስለዚህ «የኢትዮጵያ የቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ ለምን አያድግም?» ሲባል፣ ኢንተርኔት ውድ ነው፣ ኢንቨስተር የለም፣ መብራት ይጠፋል የሚሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የምጠረጥረው ይህቺን አንድ ቃል ነው። ኢንቦክስ የሚለው ሰው ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለመርዳት አስቦ ነው። ግን የሚረዳው አንድን ሰው ነው፣ ያም ከሆነለት። ነገ የሚመጣው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለምን ኢንቦክስ እንላለን? ራሴን ጠይቄ ያገኘሁትን በሐቀኝነት ልንገራችሁ። አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ «ምናልባት ሥራ ይሰጠኝ ይሆናል» የምትል ትንሽ ስሌት አለች። ይህን አላፍርበትም፤ ሰው ሠርቶ መብላት አለበት። የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው። በአደባባይ ብመልስና ብሳሳትስ? አንዱ ከታች መጥቶ «ወንድሜ፣ ይሄን ሳታውቅ ነው የምታስተምረው?» ቢለኝስ? በኢንቦክስ ከተሳሳትኩ የሚያየኝ አንድ ሰው ነው። በግሩፕ ግን አሥር ሺህ ሕዝብ ፊት ነው። እኛ አገር ደግሞ በሰው ፊት መሳሳት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ተሳስቶ የተሳቀበት ሁሉ ያውቀዋል።

አንዳንዱ «ጥያቄህን በእንግሊዝኛ የውጭ መድረክ ላይ ጠይቅ፤ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ እዚያ አለ» ይለኛል። ለብዙ ነገር ልክ ነው። ግን እስቲ ስለ እኛ ችግር ማን ይመልስልናል? የ13ኛ ወር ጉዳይ ለሌላው ዓለም እንቆቅልሽ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» ማለት ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት እንደሆነ ለማን ታስረዳላችሁ? ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሲመጣ፣ «ስልክ ቁጥር በ09 ይጀምራል» ተብለው የተጻፉ ስንትና ስንት ፎርሞች የደንበኛን ቁጥር «ትክክል አይደለም» እያሉ መለሱት። እያንዳንዱ ፕሮግራመር ያን ለብቻው አወቀ፣ ለብቻው አስተካከለ፣ ዝም አለ።

የፊደሉን ነገርማ ተዉት። አንድ ሰው ስሙን «ፀሐይ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ሌላዋ «ጸሀይ» ብላ ትፈልገዋለች፤ ሲስተሙ «የለም» ይላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ይህን ያልገጠመው የአማርኛ አፕ ሠሪ አላውቅም። በአማርኛ የሚላክ አጭር መልእክት ደግሞ በአንዱ ውስጥ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ስለዚህ ያቺ «የተከበሩ ደንበኛችን» የምትለው ረጅም ሰላምታ ድርጅቱን እጥፍ ታስከፍለዋለች። የአባት ስምን «ላስት ኔም» ብሎ የሚጠይቅ ፎርም፣ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው ብሎ የሚያስብ ሲስተም፣ ይህ ሁሉ የእኛ የቤት ሥራ ነው። ማንም ውጭ ተቀምጦ አይሠራልንም። ሠርተንም ካላስቀመጥነው በየዓመቱ እንደ አዲስ እንሠራዋለን።

በአደባባይ መነጋገር ውጤት እንደሚያመጣ ደግሞ ከሩቅ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። አሁን ይህን የምታነቡበትን ፊደል ተመልከቱት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አማርኛ በኮምፒውተር ለመጻፍ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የጻፍከው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በተለያየ አገር ተበታትነው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ኢሜይል በላቲን ፊደል እየጻፉ እንኳ አንድ ወጥ ደንብ እንዲኖር ብለው ተነጋገሩ፤ እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን አጻጻፍ ሠርተው በይፋ አወጡት። ማንም ያየዋል፣ ማንም ይጠቀምበታል፣ ማንም ይተቸዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ስትከፍቱ «ሰላም» የሚለው ቃል ባዶ ሳጥን ሆኖ የማይታያችሁ፣ ያኔ ብዙ ሰው አሰልቺ ዝርዝር እየተጻጻፈ ስለተከራከረ ጭምር ነው። የትኛው ፊደል ይግባ፣ የትኛው ነጥብ የት ይቀመጥ እያሉ። እንዲህ ያለውን ክርክር በኢንቦክስ መጨረስ አይቻልም።

ቀረብ ያለ ዘመን ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፣ ሁለቱም አዲስ አበባ የተወለዱ፣ ብላክ ኢን ኤአይ የሚባለውን ስብስብ መሠረቱ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤዎች ላይ ጥቁር ተመራማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እነሱ የተበታተነውን ሰው በኢንተርኔት አገናኙ። በቀጣዩ ዓመት ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ለነበረው ትልቅ ጉባኤ የተጋበዙ ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከለከሉ። ጉዳዩ ግን በየሰው ልብ ውስጥ ተቀብሮ አልቀረም፤ በአደባባይ ተነገረ፣ ተጮኸበት። አይሲኤልአር የተባለው የዓለም ትልቅ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ለ2020 አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወሰነ። ኮቪድ መጣና ጉባኤው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆነ እንጂ ያ ሁሉ ሳይንቲስት ቦሌ ሊወርድ ነበር። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ማሳካኔንም ጨምሩበት። በዙሉ ቋንቋ «አብረን እንሠራለን» እንደማለት ነው። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከየአገሩ የተሰባሰቡ አፍሪካውያን ቋንቋዎቻቸውን ለኮምፒውተር የሚያስተምሩበት ስብስብ ሲሆን፣ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በኢንተርኔት ውይይት ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ዜና ውስጥ ያሉ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን የሚለይ የመረጃ ስብስብ አዘጋጅተው ለማንም ክፍት አድርገው ለቀቁት። ዛሬ አንድ የጅማ ወይም የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከዚያ ይጀምራል። አያውቁትም፣ አያውቃቸውም። ኢንቦክስ አልጠየቀም።

«ታዲያ እኛስ ማኅበረሰብ የለንም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ሰውማ አለን። እነ አይስአዲስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወጣቶችን እያሰባሰቡ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወዲህ ደግሞ ሰርተፊኬት ያልለጠፈ ጓደኛ ፈልጉልኝ። ጥሩ ነው፤ እኔም አንዱን ወስጃለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ኮርሱን ጨርሶ የመጀመሪያ እውነተኛ ሥራውን ሲጀምርና ሲጣበቅ፣ የት ሄዶ ይጠይቃል? ኮርሱ ጳጉሜን አላስተማረውም።

ስለ ኔትወርኪንግ ፕሮግራሞቻችን ደግሞ ትንሽ ልማ። ባነር አለ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ አለ፣ ሻይና ቦምቦሊኖ አለ። ሦስት ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ኢኮሲስተም» የሚለውን ቃል አርባ ጊዜ ይላል። ከዚያ ፎቶ። ከዚያ ሁሉም ከሚያውቀው ሰው ጋር ቆሞ ያወራል። እኔ እንዲህ ባለ ቦታ በስልኬ ውስጥ ከመዘገብኳቸው ቁጥሮች አብዛኛዎቹን ማን እንደሆኑ እንኳ አላስታውስም፤ «አቤል ስታርታፕ»፣ «ሰላም ዲዛይን ይመስለኛል» ብዬ የመዘገብኳቸው አሉ። በተቃራኒው፣ ከሁሉ የምተማመንበት የሥራ ባልደረባዬን ያገኘሁት ግሩፕ ላይ ስለ ፊደል ፍለጋ የሰጠውን መልስ አንብቤ ነው። የሰው ጥያቄ ላይ ሦስት አንቀጽ ጻፈ፤ ማንም አልከፈለውም። ከዓመት በኋላ ሥራ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ያቺ «ኢንቦክስ ብል ሥራ አገኝ ይሆናል» የምትል ስሌት ስህተት የምትሆነውም እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚቀጥራችሁ ሥራችሁን ሲያይ ነው። ኢንቦክስ ውስጥ ያለ ሥራ ደግሞ አይታይም።

ስለ ሴቶቹ ሳልናገር ባልፍ ልክ አይመጣም። አንዲት የማውቃት ፕሮግራመር ግሩፕ ላይ የምትጠይቀው በወንድ ስም ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት ስልኳን አሳየችኝ። በራሷ ስም አንድ የዳታቤዝ ጥያቄ ጠይቃ፣ ግሩፑ ላይ አንድም መልስ የለም፤ ኢንቦክሷ ውስጥ ግን አሥራ አራት ወንድ። ስለ ዳታቤዙ ያነሱት ሁለቱ ናቸው። የቀሩት «ሃይ ቆንጆ»፣ «ከየት ነሽ»፣ «ቡና እንጠጣ»። እንግዲህ ኢንቦክስ የሚለው ባህል ለወንድ መሰላቸት ከሆነ፣ ለሴት ሌላ ነገር ነው። መልስ የሚሰጠው በአደባባይ ብቻ ነው ብትሉ ግማሹ ችግር በዚያው ይቃለላል፤ ቀሪው የአድሚን ሥራ ነው። አስወጡት! ከመቶ አሳፋሪ አባል አንዲት የምትጠይቅ ልጅ ትበልጣለች።

ስለ ማኅበረሰብ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ደቦን ያመጣል። ደቦ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ደቦ የአንድ ቀን ነው፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ የምቀናው በእድር ነው። የሰፈራችን እድር ኢንተርኔት የለው፣ አፕ የለው፣ ግን ከእኔ ዕድሜ በላይ ኖሯል። ለምን? ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊ አለው። ጋሼ ጸሐፊው ያቺን ትልቅ መዝገብ ይዘው ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ድንኳኑ የት ሄደ፣ ስንት ወንበር ተሰበረ ብለው ይጽፋሉ። የቀረ ይቀጣል። ሰብሳቢው ቢሞት እንኳ መዝገቡ አለ።

የእኛ ግሩፕ አሥራ ሁለት አድሚን አለው። ጸሐፊ ግን የለውም። አንዱን ግሩፕ እንዴት እንዳጣነው ልንገራችሁ። ለአምስት ዓመት የኖረ፣ እነዚያ ሦስት አንቀጽ የሚጽፉ ሰዎች የነበሩበት ግሩፕ ነው። የዋናው አድሚን አካውንት ተጠለፈ። ጠዋት ስንነሳ ስሙ ተቀይሯል፣ ፎቶው የዶላር ምልክት ሆኗል፣ «በቀን 5,000 ብር ያግኙ» የሚል ማስታወቂያ ይዘንባል። የድሮው መልእክት በሙሉ ተሰርዟል። ያ ሁሉ መልስ በአንድ ሌሊት። ማንም ሌላ ቦታ አልገለበጠውም፤ እኔም አልገለበጥኩትም።

ጸሐፊ ስል ከባድ ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ተራ በተራ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ግሩፑን ወደ ላይ እያነበበ የተመለሱትን ጥያቄዎች ለቅሞ በአማርኛ በአጭሩ ይጻፋቸው። ጥያቄው ይህ ነበር፣ መልሱ ይህ ነው፣ ኮዱ ይኸው። ከግሩፑ ውጭ ማንም ሰው ሊያገኘው በሚችል ቦታ ይቀመጥ፤ ግልባጩም በፒዲኤፍ ይውጣ። ፒዲኤፍ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሳምንታት ሲጠፋ ምን ሆንን? ከ2013 ጥቅምት ጀምሮ ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ ስትዘጋ፣ በ2015 ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ እዚያ ያሉ ልጆች ከግሩፑ ዝም ብለው ጠፉ። ከመቀሌ በየቀኑ ይመልስ የነበረ አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ ቀን ስሙ ሥር የሚታየው ሰዓት ቆመ። ፍላሽ ላይ ያለ ወረቀት ግን ኔትወርክ አይጠይቅም።

ሌላው፣ በአካል መገናኘትን አልናቅሁም። የናቅሁት ባነሩን ነው። ስድስት ሰው አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ አዝዞ «በዚህ ወር የጣለህን ችግር አሳየን» ቢባባል ይበቃል። ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል፣ ድሬዳዋ ሊሆን ይችላል፤ የአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ አያስፈልገውም። ፊት ለፊት የተያየ ሰው ደግሞ ኦንላይን ላይ አይሰዳደብም፤ ቢያንስ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ስንሞክር የመጣነው አራት ነበርን፤ አንዱ ሂሳብ ሲመጣ ስልክ ተደወለለት። በሁለተኛው ተመልሶ መጣ፣ ከፈለም።

ይህን ሁሉ ካወራሁ ዘንድ እኔስ ምን አደረግሁ? የጳጉሜን ነገር ጻፍኩት። ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቼ። በአማርኛ፣ ከነኮዱ፣ የእማዬን የሉቃስ ማብራሪያ ጨምሬ። ርዕሱ ላይ «ጳጉሜ፣ ጳጉሜን፣ ጷግሜ» እያልኩ በሁሉም አጻጻፍ ደረደርኩት፣ በላቲንም ጨመርኩበት፤ የሚፈልገው ሰው በምን እንደሚጽፈው አይታወቅማ። ግሩፑ ላይ ለጥፌ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ልቤ ይመታ ነበር፤ ብትስቁም ግድ የለም።

የፈራሁት ደረሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዲት ልጅ ከድሬዳዋ «ኮድህ እ.ኤ.አ. ከ2100 በኋላ ይሳሳታል» ብላ ጻፈች። በፈረንጆቹ 2100 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን የላትም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ እንቁጣጣሽ በአንድ ቀን ይገፋል። ልክ ነች። «እስከዚያ ማን ይኖራል?» ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን አስተካከልኩትና ስሟን ከሥሩ ጻፍኩ። አልሞትኩም። እንዲያውም ከዚያ በታች አንዱ ስለ 07 ስልክ ጠየቀ፣ እኔ ሳልደርስ ሌላ ሰው መለሰለት፤ እዚያው፣ ሁሉም እያየው።

ጳጉሜ እንደገና 6 የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሊንኩን ለሀዋሳው ልጅም በኢንቦክስ ላክሁለት፤ ለእሱ ብቻ ኢንቦክስ ይፈቀድልኝ። «ለማኅበሩ ከጠቀመ» ብዬ። ሁለቱ ራይት መጥቷል፤ አይቶታል። መልስ ግን ገና ነው።